ባሱ ለምን ባሰበት? የድርብ ግድግዳ የመቶ ዓመት ታሪክ

ከተከራየሁበት ክፍል ጀርባ ግሮሰሪ አለ። ግሮሰሪ ስል ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበት እንዳይመስላችሁ፤ የአዲስ አበባ ልጅ የትኛውን ግሮሰሪ ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በእኔ ትራስና በግሮሰሪው ስፒከር መካከል ያለው ድንበር አንድ ረድፍ ብሎኬት ነው። ማታ ማታ የጠጪውን ጨዋታ ከነቀልዱ፣ ከነሂሳብ ጭቅጭቁ፣ ከነ«አንድ ድገመኝ» እሰማለሁ። ማን ማንን እንዳበደረ፣ ማን ከማን እንደተጣላ አውቃለሁ። ሰዎቹ ግን እኔን አያውቁኝም። አንድ ዓመት ታገሥኩ። በሁለተኛው ዓመት አናጢ ጠራሁ።

አናጢው ሸምገል ያሉ፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ይኼማ ቀላል ነው ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ሳንቲ ጣውላ እንመታና ከላዩ ላይ ቺፑድ እናለብሰዋለን። ግድግዳው ድርብ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም።» አመንኳቸው። እንዴት አላምን? ብርድ ሲሆን ብርድ ልብስ እንደርባለን፤ ድምፅ ሲሆን ግድግዳ ብንደርብ ምን ነውር አለው? የወር ደመወዜን ግማሽ ከፈልኩ። በመጀመሪያው ምሽት አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አዳመጥኩ። እውነትም የሰው ድምፅ የለም! ሳቁ የለም፣ የሂሳብ ጭቅጭቁ የለም። ባሱ ግን ባሰበት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ቀልድ አይደለም፤ ከበፊቱ ይልቅ ጨምሯል። ቺፑዱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይንቀጠቀጣል።

አናጢውን ልሰድባቸው ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ሳነብ ሳነብ የደረስኩበት ጉድ ንዴቴን አበረደው። ይቺን የእኔን ጥያቄ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ግድግዳ ሲደረብ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማስላትን፣ የዓለም ምርጥ ጭንቅላቶች መቶ ዓመት ያህል ታግለውባታል። ከእነሱም ብዙዎቹ የጀመሩት እንደኔ አናጢ በማሰብ ነው፦ ድርብ ሲጨመር ዝምታ ይጨመራል ብለው። ደግሞ ግድግዳ እንደ ሐብሐብ መታ መታ አድርገው፣ አዳምጠው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ገንዘቡ የሚከፈለው ዛሬ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው ነገ ነው። ስለዚህ «ይሄ ግድግዳ ምን ያህል ያስቀራል?» የሚለው ጥያቄ ሳይሠራ በፊት መልስ ካላገኘ ከተሠራ በኋላ የሚያገኘው መልስ ጸጸት ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አባይ ላይ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በ1872 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ዊልያም ስትራት የተባለ፣ ኋላ ሎርድ ሬይሊ በሚለው ማዕረጉ የታወቀ እንግሊዛዊ በሩማቲክ ትኩሳት ክፉኛ ታመመ። ለማገገም ከሚስቱ ጋር ወደ ግብፅ ሄደና በናይል ላይ በጀልባ ሲንሳፈፍ ሰነበተ። ዝም ብሎ ፀሐይ አልሞቀም፤ «የድምፅ ቲዎሪ» የተባለውን ሥራውን እዚያው ጀልባው ላይ መጻፍ ጀመረ። መጽሐፉ በ1877 እና በ1878 በሁለት ቅጽ ወጣ፤ እስከዛሬም ይነበባል። አባይ ከኛ አፈር ሌላ ምን ምን ተሸክሞ እንደሄደ ስንቆጥር እንግዲህ ይቺንም እናስገባት። (ሰውየው በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በድምፅ ሳይሆን አርጎን የተባለውን ጋዝ በማግኘቱ ነው።)

የሬይሊ ሒሳብ ለግድግዳ ሲተረጎም እንዲህ ይላል። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። ግድግዳውን በስቶ አያልፍም፤ ግድግዳውን ራሱን ያርገበግበዋል፣ ግድግዳው ደግሞ በወዲያኛው በኩል ያለውን አየር። እንግዲህ ግድግዳው ከባድ ከሆነ ማንቀሳቀስ ይከብዳል። መርገብገቡ ፈጣን ከሆነም፣ ማለትም ድምፁ ቀጭን ከሆነ፣ እንደዚያው ይከብዳል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ቀስ ብሎ ስለሚገፋ ግድግዳውን ያሸንፈዋል። ከሩቅ የሠርግ ድንኳን ግጥሙ ሳይሰማ ከበሮው ብቻ የሚመጣው ለዚህ ነው። ክብደቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ ሲያድግም እንዲሁ 6። ይህን የክብደት ሕግ ይሉታል። በ1911 ሪቻርድ በርገር የተባለ ጀርመናዊ በሙኒክ ለዶክትሬቱ ልዩ ልዩ ግድግዳዎችን ለክቶ የክብደቱ ነገር በተግባርም እንደሚሠራ አሳየ።

ሕጉ ደስ ይላል፤ ችግሩ ውድ መሆኑ ነው። ቁጥር ልስጣችሁ። በካሬ ሜትር 10 ኪሎ የሚመዝን ሰሌዳ በ500 ሄርዝ (በሰው ንግግር መካከለኛ ክልል ማለት ነው) 27 ዴሲቤል ገደማ ያስቀራል። 20 ኪሎ ሲሆን 33፣ 40 ኪሎ ሲሆን 39። ጎረቤት ጮክ ብሎ ሲያወራ እንዳይሰማችሁ 50 ያህል ትፈልጋላችሁ። ለዚያ ከ140 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል፤ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር! ቤተ መንግሥትና ገዳም በድንጋይ ሲሠራ ይህ ችግር አልነበረም። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ግን አሜሪካኖች ፎቅ በብረት አጽም እየሰቀሉ በመካከሉ ያለውን ግድግዳ ቀጭንና ቀላል ማድረግ ጀመሩ። ሰማይ ጠቀሱ ሲረዝም ግድግዳው ሳሳ፤ ጎረቤትም ቤት ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ይመጣል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሳቢን የሃርቫርድ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። በ1895 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጠራውና «አዲሱ ፎግ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተምሩ ምንም አይሰማም፤ አንድ ነገር አድርግ» አለው። አዳራሹ ውስጥ የተነገረ ቃል ለ5 ሴኮንድ ተኩል ያህል እያስተጋባ ይቆይ ነበር፤ መምህሩ አምስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ገና አልሞተም። ሳቢን ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ከሌላ ቴያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስጫነ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፣ የኦርጋን ቧንቧ ይነፋል፣ በሰዓት ይለካል፣ ሲነጋ ትራሶቹን ይመልሳል። በዚህ የሌሊት ሥራ ያገኘው ቀመር በ1900 የተከፈተውን የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ዓለም የሚያደንቀው አዳራሽ አደረገው።

ዝነኛው ታሪኩ ይሄ ነው። ብዙ የማይወራለት ደግሞ ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ ነው፦ ከአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማውስ? የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች ጠርተውት የልምምድ ክፍሎቻቸውን አሳዩት። በየክፍሉ መካከል ብዙ ድርብ ያላቸው፣ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ግድግዳዎች ነበሩ፤ ፒያኖውም ቫዮሊኑም ግን አንዱ ሌላው ክፍል ይሰማል። ሳቢን አንድ ነገር ገባው፦ አርክቴክቶቹ ሁሉ አስተያየት አላቸው፤ ቁጥር ያለው ግን ማንም የለም። ስለዚህ በሃርቫርድ ላቦራቶሪ ፌልት የሚባለውን፣ ከጠጉር ተጠቅጥቆ የሚሠራውን ወፍራም ጨርቅ አንድ ድርብ፣ ሁለት ድርብ፣ ሦስት ድርብ እያለ የሚያልፈውን ድምፅ መለካት ጀመረ። በሌላ ሙከራ ደግሞ የብረት ሰሌዳና ፌልት እያፈራረቀ። ውጤቱን በ1915 አሳተመ። የት መሰላችሁ? «ዘ ብሪክቢልደር» በተባለ የጡብ ግንበኞች መጽሔት ላይ። ለፊዚክስ ሊቃውንት መጻፍ ሲችል ለሚገነቡት ሰዎች ጻፈላቸው። ይቺ ደስ ትለኛለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፊልም ይመስላል። በኢሊኖይ ግዛት ጄኔቫ በምትባል ከተማ ጆርጅ ፋቢያን የሚባል ባለጠጋ የጨርቅ ነጋዴ ሪቨርባንክ በተባለ ርስቱ ላይ ሳይንቲስቶች እያስቀመጠ ያኖር ነበር። ሰውየው የሼክስፒር ድርሰቶች ውስጥ ፍራንሲስ ቤከን የቀበረው ምስጢራዊ መልእክት አለ ብሎ የሚያምን ነው። (እዚያው ያንን ምስጢር ለመፍታት የሠሩት ባልና ሚስት፣ ዊልያምና ኤሊዛቤት ፍሪድማን፣ የቤከንን መልእክት ባያገኙም የአሜሪካ የዘመናዊ ሚስጥር ጽሑፍ ፍቺ ወላጆች ሆኑ። ይህ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ፋቢያን በድምፅ ኃይል ነገር ከመሬት የሚያነሣ ማሽን ቤከን ገልጾታል ብሎ አሠርቶም ነበር ይባላል፤ ምክር ፍለጋ ሳቢን ጋ የደረሰውም በዚሁ ሰበብ ነው ይላሉ። ማሽኑ ምንም አላነሣም። ነገር ግን ፋቢያን ሳቢንን ወደደውና ለግድግዳ ምርምሩ የሚሆን ላቦራቶሪ ሠራለት፤ ክፍል ውስጥ ያለ ክፍል፣ መሠረቱ ከሌላው ሕንፃ የተለየ፣ በመካከሉ የሚፈተነው ግድግዳ የሚገነባበት ክፍት ቦታ ያለው። ሕንፃው በ1918 አለቀ። ሳቢን ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመንግሥት ሥራ ሲሮጥ የራሱን ሕመም ችላ ብሎ ነበርና በጥር 1919፣ በ50 ዓመቱ ሞተ። ላቦራቶሪውን ዘመዱ ፖል ሳቢን ተረከበና ግድግዳ እየገነባ፣ እየለካ፣ እያፈረሰ፣ እንደገና እየገነባ ዕድሜውን ጨረሰበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የድምፅ ስቱዲዮ እንከፍታለን ብለው ክፍላቸውን በእንቁላል ካርቶን የለበጡ ጓደኞች የሌሉት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ይህ ስሕተት የሳቢን ሁለት ጥያቄዎች መምታታት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ማስተጋባትን መዋጥ ነው፤ ለዚያ ለስላሳ ነገር፣ ትራስ፣ መጋረጃ ይሠራል። ሁለተኛው ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ ማገድ ነው፤ ለዚያ ክብደት ያስፈልጋል። የእንቁላል ካርቶን ከቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይውጥ ይሆናል፤ ለማገድ ግን ክብደት የለውም። ክብደት ያላቸው እንቁላሎቹ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ በልተናቸዋል።

ወደ ታሪካችን። መለካት ጥሩ ነው፤ ግን የተለካው ግድግዳ የሚነግራችሁ ስለራሱ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ግማሽ ሳንቲ ብታወፍሩት ወይም ክፍተቱን ብታሰፉት እንደገና ገንብቶ እንደገና መለካት ነው። የሚፈለገው ወረቀት ላይ ቆሞ መናገር የሚችል ቀመር ነበር። የክብደት ሕግ ደግሞ እየዋሸ አስቸገረ። ለምሳሌ መስታወትና ኮምፔንሳቶ በሆነ ቀጭን ድምፅ ላይ ሲደርሱ ከሕጉ በታች ዝቅ ይላሉ፤ ልክ እዚያ ቦታ ቀዳዳ የተከፈተባቸው ይመስላል። ለምን?

መልሱ የመጣው በ1942፣ በጦርነቱ መሀል፣ ሎታር ክሬመር ከተባለ ጀርመናዊ ነው። ሬይሊ ግድግዳውን እንደ አንድ ድፍን ነገር አየው፤ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ የሚሄድ። ክሬመር ግን ሰሌዳ ይታጠፋል አለ። ብርድ ልብስ ስታራግፉ በላዩ ላይ ሞገድ እንደሚሮጥ ሁሉ በሰሌዳ ላይም የመታጠፍ ሞገድ ይሮጣል። ድምፅ ደግሞ ግድግዳውን ፊት ለፊት ብቻ አይመታውም፤ በሰያፍም ይመጣል። በሰያፍ የመጣው ድምፅ በሰሌዳው ላይ የሚጠርገው ፍጥነትና ሰሌዳው ራሱ የሚታጠፍበት ፍጥነት እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ያኔ ዥዋዥዌን በትክክለኛው ቅጽበት እንደመግፋት ነው፤ በትንሽ ጉልበት ይከንፋል። ግድግዳው ክብደቱን ረስቶ ድምፁን ያሳልፋል። ለ6 ሚሊ ሜትር መስታወት ይህ የሚሆነው 2000 ሄርዝ አካባቢ ነው። በዚያ ክልል ጆሯችን በጣም ንቁ ነው፤ የሕፃን ለቅሶና የመኪና ፍሬን ሲጢጥታ ካለበት ሠፈር ብዙም አይርቅም። (ክሬመር ኋላ በ1963 የተከፈተውን የበርሊን ፊልሃርሞኒ አዳራሽ ድምፅ የመራው ሰው ነው።) እንግዲህ አንዱ ሰሌዳ ብቻውን ይህን ያህል ተንኮል ካለው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አስቡት።

የድርቡን ነገር እንዲታሰብ ያስገደደው ቤት አልነበረም፤ አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ውስጥ ጩኸቱ ከመጠን በላይ ስለነበር አብራሪዎቹ በሬዲዮ መደማመጥ አቅቷቸው ነበር። ሕንፃ ላይ ብሎኬት መጨመር ይቻላል፤ አውሮፕላን ላይ ግን የተጨመረ ኪሎ ሁሉ የተቀነሰ ነዳጅ ወይም የተቀነሰ ቦምብ ነው። የክብደት ሕግ እዚያ አይሠራም። ሥራው ለሃርቫርድ ተሰጠና ሊዮ በራኔክ የሚባል ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ላቦራቶሪውን መራ። ቀጭን ቆዳ፣ ከዚያ እንደ ጥጥ የቀለለ የፋይበርግላስ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሌላ ቀጭን ቆዳ፤ በመካከል አየር። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 በራኔክ ወርክ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሒሳቡን አሳተመ። ዘዴው ድምፁን ከመጨረሻው ድርብ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው፣ ድርብ በድርብ፣ ያንዱን ውጤት ለሌላው እያቀበለ መከተል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ድርብ ያለው ግድግዳ ወረቀት ላይ ተሠልቶ ተገኘ፤ ፊት ለፊት ለሚመጣ ድምፅ ብቻ ቢሆንም።

ኢንተርኔት ላይ እያነበባችሁኝ ስለሆነ ይቺን ሳልነግራችሁ ባልፍ ግፍ ነው። በራኔክ በ1948 ከቦልት ጋር አንድ የድምፅ አማካሪ ድርጅት አቋቋመ፤ ኋላ ኒውማን ተጨመረና ቦልት በራኔክ ኤንድ ኒውማን ተባለ። ይህ የግድግዳና የአዳራሽ ድርጅት ወደ ኮምፒውተር ገባና በ1969 የኢንተርኔት አያት የሆነውን የአርፓኔት ማገናኛ ማሽኖች የሠራው እሱ ነው። በ1971 በኢሜይል አድራሻ መካከል ያቺን የተጠቀለለች ምልክት ያስገባውም እዚያው የሚሠራ ሰው ነው። ከግድግዳ ተነሥቶ ግድግዳ የሌለበት ዓለም መፍጠር ይሏችኋል።

አሁን የእኔ ቺፑድ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ፤ የሁሉም ነገር ቁልፍ እዚህ ነው። በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ያለው አየር ባዶ አይደለም፤ ሞላ ነው። ስትጫኑት ይገፋል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ሁለት ክብደት በሞላ ሲያያዝ ደግሞ የሚወደው የራሱ ምት አለው፤ ጫን ያለ ሚኒባስ ኮረብታ ላይ ሲነጥር በራሱ ምት እንደሚዘልለው። ድምፁ ከዚያ ምት በላይ ቀጭን ከሆነ ሞላው ይለያያቸዋል፤ አንዱ ሰሌዳ ቢንቀጠቀጥ ሌላው አይሰማም፤ ድርቡ ተአምር ይሠራል። ድምፁ ልክ በዚያ ምት ከመጣ ግን ሁለቱ አብረው ይጨፍራሉ፤ ከነጠላው ግድግዳ የባሰ ያሳልፋሉ። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል፣ ምቱም ወደ ላይ ይወጣል። የእኔ ቺፑድ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክፍተቱ 2 ሳንቲ ሜትር። አስላሁት፦ 122 ሄርዝ። በቀጥታ ባሱ ሠፈር! የጠጪዎቹ ንግግር ከዚያ በላይ ስለሆነ ጠፋ፤ ባስ ጊታሩ ግን ያው ቤቱ ገባ። አናጢው እውነታቸውን ነበር፤ ግማሽ እውነት።

ቀመሩ ግን ወዲያው አልተዋጣም። በ1950 አልበርት ለንደን በዋሽንግተን የደረጃዎች ቢሮ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ከየአቅጣጫው ሲመጣ ድርብ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ አሰላ። ሒሳቡ ንጹሕ ነበር፤ ከልኬቱ ጋር ግን አልገጥም አለ። ምን አደረገ? ለግድግዳው የተፈጥሮ ምክንያቱ የማይታወቅ «ተቃውሞ» ጨመረለትና ገጠመ። ይህን ያደረገው በግልጽ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ተጽናናሁ። ሰሌዳ ከሰሌዳ፣ አየር ከአየር ሲደመር ስንት እንደሚሆን የዓለም ሊቅ እንኳ ቁጥር እየጎተተ ነው ያስታረቀው።

እንደኔ እንደኔ ነገሩን ከሊቃውንት እጅ አውጥቶ ለተራ መሐንዲስ የሰጠው ቤን ሻርፕ ነው። በ1960ዎቹ ከሮኬትና ከሳተላይት መንቀጥቀጥ የመጣ ሌላ የስሌት መንገድም ነበር፤ ድምፁን አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ ጉልበቱን እንደ ውኃ ከገንዳ ወደ ገንዳ እያሸጋገሩ የሚቆጥሩበት። ጥሩ ነው፤ ግን ለግንበኛ የሚሆን አይደለም። ሻርፕ በ1973 ለአሜሪካ የቤቶች ልማት መሥሪያ ቤት ባደረገው ጥናት የድርብ ግድግዳን ጠባይ በሦስት ቆረጠው። ከጭፈራው ምት በታች ሁለቱ ሰሌዳዎች እንደ አንድ ናቸው፤ ክብደታቸውን ደምረህ በክብደት ሕግ አስላ። ከምቱ በላይ የሁለቱን ዴሲቤል ለየብቻ አስልተህ ደምር፣ ክፍተቱ የሚያመጣውንም ጨምርበት። ከዚያም ወዲያ፣ ክፍተቱ ከሞገዱ አንጻር ሰፊ ሲሆን፣ ደምርና 6 ጨምር። በቃ። የኪስ ካልኩሌተር ይበቃል።

ይህ ቀመር ምን እንደሚል ተመልከቱ። በካሬ ሜትር 10፣ 10 ኪሎ የሆኑ ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳዎች፣ በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ የመስታወት ሱፍ፣ ሁለቱ በምንም የማይነካኩ። በ500 ሄርዝ 59 ዴሲቤል ይወጣል። ያንኑ በነጠላ ግድግዳ በክብደት ሕግ ብታስቡት በካሬ ሜትር 400 ኪሎ ያስፈልጋል። ሃያ ኪሎ የአራት መቶ ኪሎ ሥራ ሠራ! ግን ያቺ «በምንም የማይነካኩ» የምትለው ቃል ነች ጉዱ። ግድግዳ ያለ ቋሚ አይቆምም፤ ሁለቱን ሰሌዳዎች አንድ ቋሚ ላይ ከመታችኋቸው ድምፁ ሞላውን ትቶ በእንጨቱ ድልድይ ይሻገራል። ሻርፕ የድልድዩንም ሒሳብ ሠራ፤ ሰሌዳው በመስመር ከመያዝ በነጥብ ነጥብ ቢያዝ እንደሚሻል አሳየ። የምስማር አመታት ዴሲቤል እንዳለው የነገረን እሱ ነው።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን የሦስተኛው ሰሌዳ ነገር ነው። ያው የጂፕሰም ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ልጨምር ብትሉ የት ታስገቡታላችሁ? ብዙ ሰው «መሀል ላይ» ይላል፤ ሦስት ግድግዳ፣ ሁለት ክፍተት፣ ምን የመሰለ ነገር። ሒሳቡ ሌላ ነው። የሁለቱ ሰሌዳ ጭፈራ 85 ሄርዝ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ከውጭ፣ ካንዱ ጋር አጣብቃችሁ ብትመቱት ወደ 73 ይወርዳል። መሀል ብትከቱት ግን 85ቱ እንዳለ ይቀርና 147 ላይ ሌላ ጭፈራ ይጨመራል። ያው ሰሌዳ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ውፍረት! መሀል የገባው ሰሌዳ ባስ ጋባዥ ይሆናል።

የቀረው ታሪክ የኮምፒውተር ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በኦታዋ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሰዎች በመቶ የሚቆጠሩ የጂፕሰም ግድግዳዎች ለክተው በ1998 አሳተሙ፤ ቀመር ሁሉ የሚፈተንበት መዝገብ ሆነ። ኒውዚላንዶች እነዚህን ቀመሮች ኢንሱል በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ አስገቧቸው፤ ሰሌዳውን ትመርጣለህ፣ ክፍተቱን ትሞላለህ፣ መልሱ ይመጣል። ትንቢቱ ከልኬቱ ብዙ ጊዜ የሚለየው በጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ያው ግድግዳ በሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ሲለካም ከዚህ ያላነሰ ልዩነት ያሳያል።

ሆኖም የትኛውም ሶፍትዌር በርህ ሥር ያለውን ክፍተት አያውቅም። አሥር ካሬ ሜትር ግድግዳ በሻርፕ ቀመር 59 ዴሲቤል እንዲሆን አድርገህ ሠርተህ፣ በሩ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት በ90 ሳንቲ ስፋት ብትተው፣ የግድግዳው ጠቅላላ ነገር 30 ዴሲቤል ገደማ ላይ ይቆማል። ሃያ ዘጠኙን ዴሲቤል ክፍተቷ በላችው። ድምፅ ልክ እንደ ውኃ ነው፤ ዋናውን ግድብ ትቶ ጎን ጎኑን ይፈልጋል። በጣሪያው፣ በወለሉ፣ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ይዤ አናጢውን መልሼ ጠራኋቸው። ወረቀቱ ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ክፍተቱን ከ2 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋው ጭፈራው ከ122 ወደ 55 ሄርዝ ይወርዳል፣ ውስጡም የመስታወት ሱፍ ይገባል፣ ጣውላው ደግሞ ብሎኬቱን ሳይነካ ለብቻው ይቆማል። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንዲህ መሆኑን ማን ነው የነገረህ?» አሉኝ። ስለ ሳቢንና ስለ ሌሊት ትራሶቹ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ሜትራቸውን ዘርግተው ከግድግዳው እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ በሩ ለኩ። ስምንት ሳንቲ ሜትር ከጨመርን በሩ ሲከፈት አልጋዬን ይመታል። አልጋው ይሸጥ ወይስ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ብለን ስንከራከር አከራዬ ብቅ አሉና «ደሞ ምን ልታፈርስብኝ ነው?» አሉ። ከግሮሰሪው በኩል ቀን በቀን ሙዚቃ ተከፈተ። ሦስታችንም ዝም ብለን ቺፑዱን አየነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።